ጥንብ አንሳዎቹን በድንጋይ ያባረርኩበት ቀን

ቁርስ ቤቴ ግድግዳ ላይ፣ ሌላው ሰው የቅዱሳን ሥዕል ወይም የመካን ፎቶ በሚሰቅልበት ቦታ፣ እኔ የጥንብ አንሳ ፎቶ ሰቅያለሁ። ራሱ መላጣ፣ ፊቱ ሮዝ፣ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ የቆመ። ሸዋ ሮቢት ላይ ፉል ሊበሉ የሚቆሙ ሹፌሮች መጀመሪያ ፎቶውን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያ ሳህናቸውን ያያሉ። “እትዬ፣ እባክዎ ያውርዱት፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል” ያለኝ ስንቱ ነው። አላወርደውም። ያልተመቸው ጀውሃ ድረስ ነድቶ ይብላ፤ እዚያም ምግብ ቤት ሞልቷል።

አውሬ ወዳጅ መሆኔን ከተማው ያውቃል። ሌላው ለንግሥ ወይም ለዘመድ ሠርግ አውቶቡስ ሲሳፈር እኔ ለቀበሮ እሳፈራለሁ። ደብረ ሲና ላይ ጋቢ እደርባለሁ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ መንገዱ የወሰደኝ ድረስ ነው። ለቀይ ቀበሮ ባሌ ሄጃለሁ። ለዋልያ ሰሜን ተራራ ላይ ትንፋሼ እስኪቆረጥ ወጥቻለሁ። ጓሳ ላይ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ አጠገባቸው ተቀምጬ ውያለሁ። ስመለስ ጎረቤቶቼ “እንኳን ደህና ገባሽ፤ ቀበሮዋ ደህና ናት?” ይሉኛል። “ደህና ናት፣ ሰላም ብላችኋለች” እላቸዋለሁ። የሰው ችግር ሳያልቅ ለአውሬ መቆርቆር ምን ይሉታል የሚሉም አሉ። የሰው ችግር የሚያልቅበትን ቀን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ ቀበሮዋ ግን እስከዚያ አትቆየኝም።

ለዋልያ እንኳ ተቆርቋሪ አይጠፋም፤ ብሔራዊ ቡድኑ በስሙ ይጠራል። የጥንብ አንሳ ስም የሚያገለግለው ለስድብ ነው። ልጅ ሳለሁ ከቄራው በላይ ያለውን ሰማይ ሞልተውት ይዞሩ ነበር። ዛሬ ቀና ብትሉ ባዶ ነው። ከዓለም ሊጠፉ ከተቃረቡት ወፎች አንዱ ይሄ ነው ብል የሚያምነኝ የለም። ስለዚህ ሮቢ ወንዝ ዳር ካለው ዋርካ ላይ አንድ ጥንድ ጥንብ አንሳዎች ጎጆ ሠርተው ሳገኝ ባሌ የሄድኩ ያህል ደስ አለኝ። የሚጥሉት አንድ እንቁላል ብቻ ነው፤ ያውም ተፈልፍሎላቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ከሥር ስቀመጥ ጫጩቱ ራሱን ብቅ ያደርጋል። ወላጆቹ ለምደውኝ ስለነበር ቁብ አይሰጡኝም።

ከቁርስ ቤቴ ጀርባ የሚኖሩ፣ ሽንኩርትና ማሾ የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ አሉ። የአባቴ ወዳጅ ነበሩ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ሌሊት ጅብ አጥራቸውን ጥሶ አህያቸውን ገደለው፤ ሰው ሲነቃ ግማሹን ጥሎ ሸሸ። ጠዋት ጋሼ ደጄ ላይ ቆመው ሁሉንም ነገሩኝ። የተረፈውን በገመድ ጎትተው ማሳቸው ዳር፣ ከዋርካው ብዙ ሳይርቅ ጥለውታል። ይሄ የአገሩ ደንብ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሞተ እንስሳ ጎትቶ ይጥላል እንጂ አይቀብርም። ጋሼ ግን አንድ ነገር ጨምረውበታል። ለሽንኩርት ትል የሚረጩትን ኬሚካል ሥጋው ላይ አፍስሰዋል።

“ማታ ሊጨርሰው ሲመጣ ያገኛታል” አሉኝ ደስ እያላቸው።

ጅቡ የሚመጣው ማታ ነው። ጥንብ አንሳ ግን የሚበላው ቀን ነው፤ የበላውንም ለጫጩቱ ይዞ ይሄዳል። ፉሉን ለአብሳይዋ ትቼ ጃንጥላዬን ይዤ ሮጥኩ።

ስደርስ አንደኛው አህያው አጠገብ ወርዷል። ይሄ ወፍ ሲጓጓ ፊቱ ይቀላል፤ ያን ጠዋት በርበሬ መስሎ ነበር። ሲያየኝ አልሸሸም፤ ያውቀኛላ። ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩበት። ሳትኩት። ሁለተኛው ድንጋይ ክንፉን አገኘው፤ ብድግ ብሎ ዋርካው ላይ ወጣና ቁልቁል ያየኝ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ወረደ፣ እኔም ተመልሼ ወረወርኩ።

ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ዋልን። የሮቢት ፀሐይ ምሕረት የላትም፤ ስለ ሽታው አላወራም። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች መንገዱ ላይ ቆሙ።

“ምን ሆነሽ ነው?” አለች አንዷ።

“እስኪቀበር እየጠበቅኩ ነው።”

“ማን?”

“አህያው።”

ሳቁብኝ። “በይ እድሩን እንጥራልሽ፣ ድንኳን ይተከል” አለች።

“ጥሩት። ዶማ ይዞ ይምጣ” አልኳት።

“ወፎቹን ትወዳለች ሲሉ ሰምቼ ነበር” አለች ሌላዋ እየሄደች። “ስትወግራቸው ነው እንዴ የምትወዳቸው?”

ከአስር ሰላት በኋላ ጋሼ መጡ። ጥላ ሥር እንኳ አልቆሙም።

“ጅብ ሀብቴን ሲበላ የት ነበርሽ?”

“ተኝቼ ነበር ጋሼ። እርስዎም ተኝተው ነበር።”

“ያ አህያ እግሬ ነበር። ሽንኩርቱን በጀርባዬ ልሸከም?”

እውነታቸውን ነው፤ አሳዘኑኝ። ልጅ ሆኜ፣ ያ አህያ ባይሆን እንኳ አያቱ ተሸክሞኝ ያውቃል። “አጥሩን በግራር እሾህ አብሬዎት አጥራለሁ፣ ጅብ እንዳይደግም” አልኳቸው። “ከዚህ ግን አልነሳም።”

“ወላሂ፣ ጥንብ አንሳ ቢሞት ማን ያለቅሳል?”

“እኔ።”

“እስቲ ጥቅሙን ንገሪኝ።”

መልሱን አውቀዋለሁ። በሽታ ያጠፋል፣ እሱ ከሌለ ሬሳውን ውሻ ይወርሰዋል፣ ሌላም ሌላም። አልነገርኳቸውም። በዚህ ምድር ላይ ለመቆየት ሁሉም ጥቅሙን በሚዛን እያስመዘነ ነው እንዴ? የእኔን ጥቅም ጠይቆ ያስቀመጠኝ ማን አለ?

“ምንም ጥቅም ባይኖረውም አልነሳም” አልኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ፀሐይ ወደ ጣርማ በር ስታዘቀዝቅ ወፎቹ ተስፋ ቆርጠው ዋርካው ላይ ሰፈሩ። ጋሼ ተመልሰው መጡ።

“ተነሽ፣ መሸ።”

“አልነሳም። እኔ ከሄድኩ ነገ ጠዋት ይበሉታል።”

“ጅቡ ይመጣል እኮ።”

“ይምጣ።”

“የወዳጄን ልጅ በእኔ ማሳ ጅብ በላት ተብሎ እኔ በዚህ አገር ፊቴን በምን ልሸፍን?” አሉና ዞረው ሄዱ። ሲመለሱ ጎልማሳ ልጃቸውን አስከትለው ዶማና አካፋ ይዘዋል።

እየተራገሙ ቆፈሩ፤ ደረቁን መሬት፣ ጅቡን፣ ወፉን፣ እኔን። አህያውን በገመድ ጎትተን ከተትነው፤ አፈር መለስንበት፤ ጅብ እንዳይጭረው ድንጋይና እሾህ ከመርንበት።

“አላሳመንሽኝም፣ ይሄን እወቂ” አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ።

“እንዲያምኑኝ መቼ ለመንኩ? እንዲቀበር ነው የፈለግኩት።”

በሳምንቱ የግራሩን እሾህ አብረን አጠርን። እጄ ተቧጭሮ አለቀ፤ ጋሼ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርሙብኝ ዋሉ፣ ሲጨርሱ ግን ውሃ በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ። ዛሬም ባያምኑኝም ኬሚካሉን ሽንኩርቱ ላይ ብቻ ነው የሚረጩት።

ጫጩቱ ላባ አወጣ፣ ከዚያም በረረ። አጠገቡ ሆኜ አላየሁትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ወላጆቹ ጃንጥላዬን ከሩቅ ሲያዩ ብድግ ብለው ይሄዳሉ፤ ከመንገዱ ማዶ ተደብቄ ነው የማያቸው። “ለፍተሽ ለፍተሽ ወዳጆችሽ ጠሉሽ” ብለው ሴቶቹ አሁንም ይስቁብኛል። ይጥሉኝ። የሞተ ወፍ ማንንም አይጠላም።