ሰላምታ ያላለቀለት የጨፌ አባል

ዲንቃ ቀኖ በዳሪሙ ወረዳ በአንደበቱ የታወቀ ሰው ነበር። ጎረቤታሞች በድንበር ሲካሰሱ፣ ባልና ሚስት ሲኮራረፉ፣ የአንዱ በሬ የሌላውን በቆሎ ሲያወድም «ዲንቃን ጥሩት» ይባላል። ዲንቃ ይመጣና ዛፍ ጥላ ስር ይቀመጣል፤ ወደ ጉዳዩ ግን አይገባም። መጀመሪያ ሰላምታ ነው። የሰዉን ጤና ይጠይቃል። ከዚያ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የቡናውን አበባ፣ የቀፎውን ንብ፣ የአማቲቱን ጉልበት። ዝናቡን ያመሰግናል፤ የሞቱትን በየስማቸው እያነሳ ነፍስ ይማር ይላል፤ በመጨረሻም «ሆራ ቡላ! እርቡ፣ ተባዙ፣ በሰላም እደሩ» ብሎ ይመርቃል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ የዛፉ ጥላ ቦታውን ይቀይራል። እንደ እሳት እየነደደ የመጣው ከሳሽም የተከሳሹን አማት ጉልበት እያሰበ ከንፈሩን ይመጥጣል። ከዚያ በኋላ ማስታረቅ ምን ያቅታል?

የ2002ቱ ምርጫ ሲደርስ ታዲያ ሰዉ ብዙ አልተጨነቀም። «የሚናገርልን ሰው እንላክ» ተባለ። ዲንቃ የክልሉ ምክር ቤት፣ የጨፌ ኦሮሚያ አባል ሆነ። ከመቱ ከተማ የገዛው ኮት ከትከሻው ይሰፋው ነበር።

«ግድ የለም» አለች ሚስቱ ዲሪቤ፣ እጅጌውን ወደ ላይ እየሰበሰበች። «ሥልጣኑ ሲገባበት ይሞላል።»

የተሰጠው አደራ አንድ ብቻ ነው። ለገ ጉራቻ የሚባለው ወንዝ ቀበሌውን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። በበጋ ልጆች ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ይሻገሩታል። ክረምት ሲገባ ግን ጤና ጣቢያውም ገበያውም ትምህርት ቤቱም ወዲያ ማዶ ይቀራሉ።

«ድልድይ በል» አሉት ጋሼ አራጌ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው እዚያው የሰፈሩ፣ ምላሳቸው ከእርሻቸው የሚፈጥን ሽማግሌ ናቸው። «አምስት ዓመት አለህ። ሌላ ነገር እንዳትጠይቅልን። ድልድይ ብቻ።»

«ጋሼ አራጌ፣ ይቺን አንድ ቃል ደግሞ አቅቶኝ?» አለ ዲንቃ።

ጨፌው አዳማ ላይ ተሰበሰበ። አጀንዳው ብዙ ነው፤ የሚናገረውም ሰው ብዙ ነው። ዲንቃ በመጀመሪያው ዓመት እጁን ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመ። በሁለተኛው ዓመት አፈ ጉባዔው ዕድል ሰጡት። ለአንድ ተናጋሪ የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነበር።

በዚያን ቀን የሁለቱም ዳርቻ ሰው ወረዳው ከተማ ወርዶ መሀመድ ሰዒድ ሱቅ ታጭቋል፤ ቴሌቪዥን ያለው እሱ ጋ ነው። ዲንቃ ብድግ ሲል ሱቁ አጨበጨበ። ዲንቃ ጉሮሮውን ጠረገና አፈ ጉባዔውን ጤና ጠየቀ። የተከበሩ የጨፌ አባላትን በየመጡበት ዞን ጠየቀ። የአዳማን ሕዝብ ስለ መስተንግዶው አመሰገነና ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ጠየቀ። የከብቱን ደህንነት ጠይቆ ወደ ሰብሉ ሊሻገር ሲል «ሰዓትዎ አልቋል፣ አመሰግናለሁ» ተባለና ማይኩ ጠፋ።

መሀመድ ሰዒድ ሱቅ ጭብጨባው ቀለጠ።

«እንዴት ያለ ሰላምታ ነው!» አለ መሀመድ ሰዒድ። «አንድም ሰው አላስቀረም እኮ!»

«ድልድዩን አስቀረው እንጂ» አሉ ጋሼ አራጌ።

ዲንቃ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሰዉ አቅፎ ሳመው። እሱ ግን ደስ አላለውም። ማታ ዲሪቤን አዋያት።

«ምን ላድርግ? ሰው ፊት ቆሜ ጤናውን ሳልጠይቅ እንዴት አፌን ልክፈት?»

«ውሃ ስጪኝ ለማለት እንኳ እናቴን ጠይቀህ፣ ወንድሜን ጠይቀህ፣ ላሚቱን ጠይቀህ ነው» አለችው። «እኔ የምትፈልገውን ስለማውቅ እስከዚያ ውሃውን ይዤ እቆማለሁ። እነሱ ግን ሚስቶችህ አይደሉም፤ ካልነገርካቸው አያውቁም።»

ነገሩ ገባው። በሚቀጥለው ዓመት ዕድል ሲያገኝ ከብቱን ዘለለ፣ ሰብሉንም ዘለለ፣ የአዳማን ዝናብ እንኳ ዋጥ አደረገ። «ከዳሪሙ ወረዳ ነው የመጣሁት። ለገ ጉራቻ የሚባል ወንዝ አለን» ሲል ሱቁ ውስጥ ሰዉ ከመቀመጫው ተነሳ። ግን የወንዙን ስም ጠርቶ፣ ወንዙ የወሰዳቸውን ሰዎች ነፍስ ይማር ሳይል እንዴት ይለፍ? አንድ በአንድ አነሳቸው። ማይኩ ጠፋ።

«አይዟችሁ» አለ መሀመድ ሰዒድ። «ወንዙ ዳር ደርሷል። ለከርሞ ይሻገራል።»

ጋሼ አራጌ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከሱቁ ወጡ። እሳቸው ሳይተርቡ ከሄዱ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

በዚያው ክረምት ጋሼ አራጌ ቡና ማሳቸው ውስጥ ጭቃ አንሸራትቷቸው ወደቁና እግራቸው ተሰበረ። ዲንቃም እረፍት ላይ ስለነበር ከወጣቶቹ ጋር ቃሬዛውን ተሸከመ። ለገ ጉራቻ ሲደርሱ ወንዙ ግንድ ተሸክሞ ይወርዳል። ከመቆም በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። ዝናቡ ይወርድባቸዋል፤ ዲንቃ ያን ሰፊ ኮቱን አውልቆ ሽማግሌውን ሸፈናቸው። ጋሼ አራጌ ከኮቱ ስር አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«የተከበሩ» አሉት፣ ጥርሳቸውን ነክሰው። «እስቲ መርቅና አሻግረኝ።»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ዲንቃ መሳቅ አልሆነለትም። ውሃው የጎደለው በማግስቱ ነበር። እግራቸው በጊዜ ስላልታሰረ ተጣሞ ገጠመ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አይሄዱም።

ቀጥሎ ያለው ዓመት ዕድል ሳይሰጠው አለፈ። የዘመኑ የመጨረሻ ጉባዔ ደረሰ። ዲንቃ ከመቱ እስከ አዳማ በአውቶቡስ ሲሄድ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው እንኳ ሰላም ላለማለት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተለማመደ። በደሌ ሲደርሱ አላስችል ብሎት ሰውየውን ስለ ልጆቹ ጠየቀው። ጅማ ላይ እንደገና ዝም ለማለት ሞከረ።

ተራው ደርሶ ሲነሳ ዓይኑን ከሰዉ አሽሽቶ ጣሪያው ላይ ተከለ።

«ለገ ጉራቻ ወንዝ ላይ ድልድይ የለም። ክረምት በመጣ ቁጥር የታመመ ሰው ወንዝ ዳር ይቀራል። የእግር ድልድይ እንዲሠራልን እንጠይቃለን።»

ቁጭ አለ። አፈ ጉባዔው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

«ጨረሱ?»

«ጨረስኩ።»

«ቀሪ ጊዜ አለዎት እኮ።»

ዲንቃ ራሱን ነቀነቀ። ሰው ቤት ገብቶ እንደምን አመሻችሁ ሳይል እራት ያዘዘ ያህል ፊቱ ጋለ። መልስ የሚሰጡት ኃላፊ ግን ብዕራቸውን አንስተው የወንዙን ስም ደግሞ እንዲነግራቸው ጠየቁት። ባለሙያ እንልካለን አሉ።

መሀመድ ሰዒድ ሱቅ ማንም አላጨበጨበም።

«ቴሌቪዥኑ መሃሉን ዘለለው እንዴ?» አለ መሀመድ ሰዒድ፣ ሳጥኑን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ።

«ልጄን ምን አድርገውት ነው?» አሉ አደ በየነች የሚባሉ አሮጊት፣ እንባቸው መጣ። «ሰላም እንኳ ሳይላቸው!»

ዲንቃ ሲመለስ ስለ ድልድዩ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሁሉም በሐዘን ያየዋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሽማግሌዎች ተሰብስበው አስጠሩትና ሌላውን ሲያስታርቅበት ከኖረው ዛፍ ስር አስቀመጡት።

«ከማን ጋር ነው የተጣላኸው?» አሉት። «አፈ ጉባዔውን ከሆነም እንሄዳለን። እናስታርቃችኋለን።»

«ኧረ አልተጣላሁም!»

«ሰው ሳይጣላ ሰላምታ አይነፍግም» አሉና ሰላምታቸውን ጀመሩ። እንደ ወጉ ነው፣ ከጤናው ጀምረው ወደ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ወደ ከብቱ። ከብቱ ላይ ሳሉ አንድ ወጣት ሞተር ብስክሌት እያስጓራ መጣ። ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ሞተሩን እንኳ አላጠፋም።

«ለገ ጉራቻ የት ነው? የድልድዩን ልኬት ልወስድ ነው። ደመናውን አያችሁት? ዝናቡ ሳይመጣ ካልለካሁ ተመልሼ ሄድኩ፤ ሌላ ጊዜ መቼ እንደምመጣ አላውቅም።»

ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አጠቆሩ። እንደምን ዋላችሁ የማይል ምን ዓይነት ልጅ ነው? አንደኛው እንዳልሰማ ሆኖ «የቡናውስ አበባ?» ሲል ቀጠለ።

ዲንቃ ሽማግሌዎቹን አየ። ደመናውን አየ። በሕይወቱ ሽማግሌ እየጠየቀው ከመቀመጫው ተነስቶ አያውቅም።

«ይቅር በሉኝ፣ ደህና ነው» አለና ተነሳ። የልጁን ክንድ ይዞ ቁልቁል ወረደ።

ድልድዩ የተሠራው በሚቀጥለው በጋ፣ የዲንቃ ዘመን አልፎ ወንበሩ ለሌላ ሰው ከተሰጠ በኋላ ነው። ሪባኑንም የቆረጠው ያ ሌላው ሰው ነው። ልኬቱ በተወሰደበት ቀን ግን ባለሙያው የሜትሩን ጫፍ ይዞ «ጥቅሉን ማዶ የሚወስድልኝ?» ሲል፣ ሱሪውን አውልቆ ውሃው ውስጥ የገባው ዲንቃ ነው። ውሃው እስከ ወገቡ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ቅር እያላቸውም ቢሆን ተከትለው ወርደዋል፤ አደ በየነች ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዙረዋል፤ ዲሪቤ ሱሪውን ይዛ ቆማለች።

«የውስጥ ሱሪህ ደህና ነው ወይ?» አለችው እየጮኸች። «እሱንስ ጠየቅከው?»

ዲንቃ ማዶ ወጣ። ሜትሩን ወጠረና ጎንበስ ብሎ ልኬቱን አነበበ። ነጎድጓድ አጉረመረመ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ተናገረ።

ከወዲህ ዳርቻ ጋሼ አራጌ ምርኩዛቸውን ወደ ሰማይ አነሱ።

«የተከበሩ፣ አልተሰማም! ይድገሙት!»

ዲንቃ በሙሉ ድምፁ ደገመው፤ ወጣቱም ጻፈ።