ሐዋ ያላበላሸችው ኮምፒውተር

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ፤ ይህችን ግን ሁሌም እዘላታለሁ። ከርነል ምን እንደሆነ ስለማያውቁ አይገባቸውም እያልኩ ነው። ውሸቴን ነው። ፈርቼ ነው። አሁንም የምጽፈው እየፈራሁ ነው።

አሶሳ ውስጥ የአንድ ክሊኒክ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። የሕመምተኞች መዝገብ ያለበት ኮምፒውተር ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው የሚሠራው። ከርነል ማለት ኮምፒውተሩ ሲከፈት ቀድሞ የሚነሳው፣ ሌላውንም የሚያስነሳው ክፍል ነው። ሁለት ሦስት ከርነል ይቀመጣል፤ አንዱ እምቢ ካለ በሌላው ይነሳል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ለዚያ ማሽን ብሎ የሠራው ከርነል ነበር፤ ለዓመታት እክል ገጥሞት አያውቅም። እኔ የራሴን መሥራት አማረኝ። ማን ለመነኝ? ማንም። ሠራሁ፤ ቦታ ሲጠበኝ የድሮዎቹን አጠፋሁ። አዲሱ መነሳቱን ሳልሞክር አጠፋኋቸው። ኮምፒውተሩን አንዴ ዘግቶ መክፈት ብቻ ነበር የቀረኝ። በሩ ላይ ሕመምተኛ ተሰልፏልና ነገ እሞክረዋለሁ አልኩ፤ ነገ ሌላ ሥራ መጣ። ማሽኑ እስካልተዘጋ ድረስ፣ ፋይሉ ቢጠፋም፣ በተነሳበት በድሮው መሥራቱን ስለሚቀጥል ማንም አላወቀም።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ከሰዓት ዝናብ ጥሎ መብራት ሄደ። ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ። መዝገብ ላይ የነበረችው ሐዋ ናት፤ የኮንትራት ሠራተኛ፣ አፏን በበርታ ቋንቋ የፈታች፣ አማርኛን በኋላ የለመደች። ስክሪኑን ገና ሳየው ገባኝ። ኃላፊያችን መጣና ማን ነው የነካው ብሎ ጠየቀ።

«እኔ አልነካም። መብራት ራሱ ሄደ፣ ኮምፒውተር አልተነሳም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ንገረው፣ ወንድሜ።»

ምን አልኩ? «በትክክል ካልተዘጋ እንዲህ ያደርጋል» አልኩ። ይህችኑ ብቻ። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ያደርጋል። የዚያን ቀን ግን ያደረግሁት እኔ ነኝ። እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ፤ እሷም እንደምትባረር እያወቅሁ ፈራሁ።

ሳይመሽ አስነሳሁት፤ መዝገቡ ተረፈ፤ እኔም ተመሰገንኩ። የድሮዎቹን ማን መቼ እንዳጠፋቸው ኮምፒውተሩ ጽፎ አስቀምጦት ነበር፤ ያንንም ፋቅሁት። የሐዋ ኮንትራት ወሩ ሲያልቅ አልታደሰም።

ዛሬ ሌላ መሥሪያ ቤት ነኝ። ኮምፒውተር ዘግቼ በከፈትኩ ቁጥር፣ ስክሪኑ እስኪበራ ድረስ ከፊቱ አልነሳም። ባለፈው ሳምንት መናኸሪያ ውስጥ ወደ ሸርቆሌ የሚሄደው ሚኒባስ አጠገብ ሐዋን አየኋት። ልሸሽ ስል ቀድማ ጠራችኝ። ሸርቆሌ ልብስ እየሸጠች ልጆቿን እንደምታሳድግ ነገረችኝ፤ ከዚያ እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«ያን ቀን ሁሉ ሰው ሐዋ ነው አለ። አንተ ብቻ ስሜን አልጠራም። አላህ ይስጥህ።»

እውነቷን ነው፣ ስሟን አልጠራሁም። የራሴንም አልጠራሁም። ዕቃዋን ጫንኩላትና ሄድኩ። ጊዜ አልነበረኝም አልልም፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት ቆሟል፤ እኔም ከሱቅ ጥግ ተደብቄ እያየሁት ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ መርቃኛለች።