ቡድን ስድስት

ኮሌጃችን ምዝገባውንና የቤት ሥራውን ወደ ኦንላይን ሲያዞር ከመምህራኑ ሁሉ ቀድሜ የለመድኩት እኔ ነኝ ብል ጉራ አይሆንብኝም። በተለይ ተማሪዎች ራሳቸው ቡድን መርጠው የሚመዘገቡበትን ገጽ ወድጄው ነበር። ድሮ በወረቀት ስናደርገው "ከእሷ ጋር ያድርጉኝ"፣ "ከእሱ ይለዩኝ" የሚል ደጄን ያጣብበው ነበር። አሁን አምስት ቡድን እከፍታለሁ፤ ለእያንዳንዱ አምስት ቦታ እሰጣለሁ፤ የሚዘጋበትን ሰዓት እሞላለሁ፤ ከዚያ ሻዬን እጠጣለሁ።

ያን ሴሚስተር የቡድን ሥራው በጣና ዳር ስለተስፋፋው እምቦጭ ነበር፤ የውጤቱን ግማሽ ይይዛል። ተማሪዎቹ ሃያ አምስት ናቸው። "ምዝገባው ማክሰኞ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ልመና የለም" ብዬ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ያን ጊዜ "ልመና የለም" የምትለዋን ሳልጨምር ማስታወቂያ ጽፌ አላውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ገጹን ስከፍተው ሃያ አራቱ ገብተዋል። የቀረችው ከደቅ ደሴት የመጣች፣ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምጿ ብዙ የማይሰማ ልጅ ናት። አንዱ ቡድን ውስጥ አንድ ቦታ ክፍት ነበር፤ እዚያ ላስገባት እችል ነበር። ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሌላው ሁሉ ሰዓት ሲያከብር እሷ ማን ስለሆነች ነው? ስድስተኛ ቡድን ከፈትኩና እሷን ብቻ አስገባሁበት።

ክፍል ገብቼም በሰው ፊት፣ "ሰዓት የማያከብር ብቻውን ይሠራል" አልኳት።

"እሺ፣ መምህር" አለች። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እኔም እሺታዋን ጥፋቷን እንደማመን ቆጠርኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሥራዎቹ ገቡ። የሽፋን ገጹን ያዘጋጀሁላቸው እኔ ነኝ፤ ለአባላት ስም አምስት መስመር አለው። በእሷ ላይ የመጀመሪያው ብቻ ተሞልቶ አራቱ ባዶ ናቸው። ውስጡ ከደቅ ዓሣ አጥማጆች ጋር ያደረገችው ቃለ መጠይቅ ነበር። ከአምስቱም ቡድኖች ሥራ ይበልጣል። በመደሰት ፈንታ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። እንዲህ የምትሠራ ልጅ ምዝገባ እንዴት ትረሳለች?

ተመልሼ የምዝገባውን ገጽ ከፈትኩ። የመዝጊያው ሰዓት ላይ 12:00 ብዬ ሞልቻለሁ። ሲስተሙ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የእሱ አሥራ ሁለት ሰዓት የእኛ ቀን ስድስት ሰዓት ነው። ካልኩት ጊዜ ስድስት ሰዓት ቀድሜ ዘግቼዋለሁ። ሌሎቹ ገና በተከፈተ ዕለት ስለተመዘገቡ ማንም ልብ አላለውም። ለራሴ የአውሮፕላን ትኬት ስቆርጥ ሰዓቱን ሦስት ጊዜ የማሰላ ሰው፣ ለተማሪዎቼ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰላሁም።

አስጠራኋትና፣ "ያን ማክሰኞ ለመመዝገብ ሞክረሽ ነበር?" አልኳት።

"አዎ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጀልባው ባሕር ዳር እንደደረሰ። ደቅ ኔትወርክ አልነበረም። የአባቴ የአርባ ቀን ተዝካር ሆኖ ሄጀ ነበር።"

"ተዘግቶ ስታገኚውስ?"

"በእኛ ሰዓት ሞልተውት ይሆናል ብየ ጠርጥሬ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

መሬት መሬት እያየች፣ "ልመና የለም ብለው ነበር እኮ፣ መምህር" አለች።

በማግስቱ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰው ፊት ቆሜ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ተናገርኩ፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። አፈርኩ፤ ማፈርም ነበረብኝ። እሷም እንደ ወትሮው "እሺ" አለች። ውጤቷን ሙሉ ሰጠኋት፤ እሱ ግን ሠርታ ያገኘችው ነው እንጂ የእኔ ስጦታ አይደለም። ከአባቷ ተዝካር በተመለሰች በማግስቱ ከሰው ለይቼ ብቻዋን ማስቀመጤን ምን አድርጌ እክስላታለሁ?