የረጅሙ ሰው ማብሪያ

ባሏ ቤቱን ሲሠራ ሁሉንም ነገር በራሱ ቁመት ልክ ሰቀለው። መስተዋቱም፣ የሳሎኑ ማብሪያ ማጥፊያም እሱ አንገቱን ሳይደፋ የሚደርስባቸው ነበሩ። እሷ አጭር ናት፤ ልብስ ሰፊ ስለነበረች ደንበኞቿ «ቁራጭ ክር» ይሏት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ በእግር ጣቶቿ እየቆመች መብራት አብርታለች። ዝቅ ይበልልኝ ብላ አታውቅም፤ እሱም ያልነገሩትን የሚያስተውል ሰው አልነበረም። ግን ሲመሽ ቀድሟት ይነሣና ያበራላት ነበር።

እሱ ከሞተ በኋላ መጋረጃ ላወርድ ብላ በርጩማ ላይ ወጥታ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ክንዷ ከደረቷ በላይ አልነሣም አለ፤ በእግር ጣት መቆሙም ቀረ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ልጇ «ብቻሽን መኖር አትችይም» ለማለት ሰበብ ሲፈልግ ከርሟል፤ እሱ ቤት አንድ ክፍል ቀለም ሳይቀር አስቀብቶ አዘጋጅቶላታል። ስለዚህ በግራ እጇ የልብስ መለኪያ እንጨቷን ይዛ ማብሪያውን እየገፋች ታበራለች። አንድ ምሽት እንጨቱ እየተንሸራተተ እምቢ ሲላት፣ ልጇ መጥቶ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ አገኛት።

«ማብሪያው ተበላሽቷል» አለችው።

በማግስቱ ኤሌክትሪሺያን ላከላት። ሰውዬው መሣሪያውን ሳያወጣ ማብሪያውን ጫን አደረገው፤ መብራቱ በራ። ደግሞ ተጫነው፤ ጠፋ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ይሠራል።»

«አንዳንዴ ነው የሚያስቸግረው።»

ከቆጣሪው አጠፋና ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታው። በቴስተር ኃይል አለመኖሩን አረጋገጠ፣ ሽቦዎቹንም ሳብ ሳብ አደረጋቸው፤ ጠብቀው ታስረዋል። ከዚያ የማብሪያውን ፊት አገላብጦ አየ። ጭረት በጭረት ነው። ግድግዳው ሥር የተደገፈውን እንጨት ተመለከተ።

«እስኪ ቀኝ እጅዎን ያንሡልኝ።»

«ሐኪም ነህ እንዴ?»

«የለም፣ እኔ የማውቀው ሽቦ ነው። ሽቦው ደግሞ ደህና ነው።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ለልጄ ትነግረዋለህ?»

«ከጠየቀኝ አልዋሸውም።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ነኛ። መጋረጃ ሳወርድ ቤቴን ጣልኩት።»

ሰውዬው ቀና ብሎ የማብሪያውን ቦታ አየ። «ቆጡ ራሱ ለምን አይወርድም?»

ማብሪያው ዝቅ ሲል የት ላይ እንደሚሆን ጠየቃት። ተነሥታ ግድግዳው አጠገብ ቆመች፤ ክንዷን ዘና አድርጋ፣ መዳፏ ያረፈበትን አሳየችው። የሰው ልክ ስትወስድ ኖራ የራሷን ልክ ስትሰጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። እሱ ግድግዳውን በመሮ እየፈለፈለ ቀጥ ያለ ቦይ ወደ ታች አወረደ። የፕላስቲክ ቱቦ ቀብሮ ሁለት ሽቦ አሳለፈበት፣ በድሮው ሳጥን ውስጥ እያንዳንዱን ከአቻው ጋር አጥብቆ አገናኘና በናስትሮ ጠቀለለው። አዲሱን ማብሪያ ታች ገጠመ፣ ቦዩን በጀሶ ደፈነ፣ የላዩን ቀዳዳ በልሙጥ ክዳን ዘጋ። በክዳኑ ዙሪያ ግድግዳው በእጅ ብዛት ጠቁሯል። እርጥብ ጨርቅ አነሣ።

«ተወው» አለችው።

«እድፍ እኮ ነው፣ እማማ።»

«አውቃለሁ። ተወው።»

ልጇ ሲመሽ መጣ። በቁመቱ አባቱን ይመስላልና፣ እንደ ልማዱ ሳያይ እጁን ወደ ላይ ሰደደ፤ ልሙጡን ክዳን ዳበሰ። መብራቱ ከታች፣ በእናቱ እጅ በራ።

«ለምን ወረደ?»

«እጄ አይነሣም። መጋረጃ ሳወርድ ወድቄ ነው። ማብሪያውም አልተበላሸም ነበር፤ ዋሸሁህ።»

ክዳኑን አየ፣ ያልደረቀውን ጀሶ አየ፣ ትከሻዋን አየ። «ክፍሉስ? ያን ሁሉ ቀለም አስቀብቼ?»

«ልጆችህ ይተኙበት። ሐኪም ቤት ውሰደኝ፤ ለእሱ እሺ ብያለሁ። ከቤቴ ግን አልወጣም።»

ዓይኑ መስተዋቱ ላይ አረፈ።

«ይሄስ? ፊትሽን ያሳይሻል?»

«ፀጉሬን ብቻ። እሱንም ከሩቅ ከቆምኩ።»

ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለ። መስተዋቱን በሁለት እጁ ከምስማሩ አነሣና ደረቱ ላይ አቅፎት ዞረ።

«የት ጋ ይሁን?» አላት።