ሥራ አስኪያጅ የሆንኩበት ክረምት

ሥራ አስኪያጅ የሆንኩት በክረምት ነው። ከዚያ በፊት እዚያው ድርጅት ውስጥ ለዓመታት ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የስፌት ቤቱ ያለው ካራ ሰፈር ነው፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የጥበቃ ልብስና ጋዋን እንሰፋለን። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ለቆ ሲሄድ ባለቤቱ ከውጭ ሰው ከመቅጠር ይልቅ እኔን መረጡኝ። ከሥራ በኋላ እየተማርኩ በማኔጅመንት መመረቄን ያውቁ ነበር። ቢሮ ጠርተው ቁልፍ ሰጡኝና፣ "ከዛሬ ጀምሮ በሩ ያንቺ ነው" አሉኝ።

በሩ ሲሉ የግቢውን የብረት በር ነው። በድርጅቱ ደንብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ይቆለፋል። ያረፈደ ውጭ ይቀራል፤ የዚያን ቀን ሥራ የለውም ማለት ነው። አብዛኞቻችን የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ዝናብ ሲጥል የታክሲው ሰልፍ እንዴት እንደሚሆን የአባዶ ሰው ያውቀዋል። እኔም ስንት ጊዜ ከዚያ በር ውጭ ቀርቼ፣ ምሳ ዕቃዬን እንደያዝኩ በመጣሁበት ተመልሻለሁ።

ከሹመቱ ማግስት ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ድሮዬ ከሴቶቹ ጋር ልበላ ሄድኩ። ወሬው ቆመ። አንዷ ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ፤ ባዶ ወንበር ሞልቶ ነበር እኮ። እንደምንም በልተን ተነሳን። በሚቀጥሉት ቀናትም እንደዚያው ሲሆን ምሳዬን ቢሮ መብላት ጀመርኩ።

ከሁሉም የከበደኝ የጓደኛዬ ነገር ነው። ለዓመታት የስፌት መኪናዎቻችን ጎን ለጎን ነበሩ። ጠዋት ቀድማ ከደረሰች ሰልፍ ትይዝልኛለች፤ እኔ ከቀደምኩ እይዝላታለሁ። እናቷ የላኩላትን ድርቆሽ እኩል እንካፈል ነበር። ቁልፉ እጄ ከገባ ወዲህ ግን በሩን ለመክፈት ገና ሳይነጋ ስለምወጣ፣ መንገዱም ለብቻዬ ሆነ። እሷ ያኔ እርጉዝ ነበረች፤ ሆዷ ገፍቷል።

አንድ ቀን ጠዋት ከባድ ዝናብ ጣለ። ሰዓቱ ደረሰና ቆለፍኩ። ወደ ቢሮዬ ልመለስ ስል በበሩ ክፍተት አየኋት። ነጠላዋን አናቷ ላይ ጥላ፣ አጥሩን ተጠግታ ቆማለች። ሌሎችም አጠገቧ አሉ። አንዳቸውም አላንኳኩም። ማንኳኳት እንደማይጠቅም ለምደውታል።

ከፈትኩት።

ጓደኛዬ አንገቷን ደፍታ በፊቴ አለፈች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ታክሲ ጠፍቶ ነው" አለችኝ።

በሕይወቷ አንቱ ብላኝ አታውቅም። "ምን ነካሽ? እኔ እኮ ነኝ!" አልኳት።

"አዎ" አለችና ወደ መኪናዋ ሄደች።

ረፋዱ ላይ ባለቤቱ መጡ። "በሩን ማን ነው የከፈተው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ደንቡን አታውቂውም?"

"አውቀዋለሁ። ውጭ ቆሜበታለሁ።"

"ዛሬ ለአንዷ ከከፈትሽ ነገ ሁሉም ነው የሚያረፍደው።"

"ሰነፍ ሆነው አይደለም ያረፈዱት። ዝናብ ላይ አቁመን ያባረርነው ሰው በማግስቱ በምን ልቡ ይሠራልናል?"

ክፉ ሰው አልነበሩም። ሥራ ዘግይቶባቸው ትልቅ ደንበኛ ያጡበትን ጊዜ ግን አይረሱም። "እንግዲያው መላውን አንቺ ፈልጊ። ሥራ ቢዘገይ የምጠይቀውም አንቺን ነው" ብለውኝ ሄዱ።

ሠራተኞቹን ሁሉ ሰበሰብኳቸው። "በስንት ሰዓት ብንገባ ይሻላል?" ስል ጠየቅኩ። ከቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ በቀር ድምፅ የለም። ጨርቅ የሚቆርጡት ትልቋ ሴት፣ ድሮ "ልጄ" የሚሉኝ፣ በመጨረሻ አፋቸውን ከፈቱ። "እርስዎ ያሉት ይሁን" አሉ።

"እኔ ያልኩትማ እንዲሆን አይደለም፣ እትዬ። እናንተ የምትሉትን ፈልጌ ነው።"

አንዷ ለጎረቤቷ "ሰው ሊቀንሱ ነው" ስትል ሰማሁ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ፤ የከለከላቸው የኔ እዚያ መቆም ነው። "እሺ፣ እኔ ልውጣ። ተነጋግራችሁ የወሰናችሁትን ንገሩኝ" አልኩና ወጣሁ።

ጣሪያው ጥግ ተጠልዬ ቆምኩ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ክርክሩ ጦፈ፣ ከዚያም ሳቅ። የጓደኛዬን ሳቅ ከሁሉም መሃል ለየሁት። ብርዱ እግሬን እየበላኝ፣ አንድ ግድግዳ ብቻ ለይቶኝ፣ ስንስቅባቸው የነበሩትን ነገሮች ሁሉ አስታወስኩ።

ትልቋ ሴት ወጥተው ውሳኔውን ነገሩኝ። ግማሽ ሰዓት ዘግይተን እንግባ፣ ሰልፉ ያኔ ይቀላል፤ ለመመለስ ግን እንዳይመሽብን የምሳውን እረፍት እናሳጥር። እኔ ብቻዬን ባስብ ምሳው ትዝ አይለኝም ነበር። ለባለቤቱ ነገርኳቸው፤ እያጉረመረሙ ተስማሙ። ያረፈደም ገብቶ ይሠራል፣ በሩ አይቆለፍበትም አልን። ክረምቱ ሲወጣ የዘገየ ሥራ አልነበረም። ባለቤቱም አንድ ቀን፣ "ቁልፉን ለጥበቃው ስጪው በቃ" አሉኝ። ምስጋናቸው ይኸው ነበር።

ጓደኛዬ ወንድ ልጅ ወለደች። የታረሰችው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ ካለው የእናቷ ቤት ነው። ለክርስትናው ተጠራሁ። እንደገባሁ ከቄሱና ከሽማግሌዎቹ አጠገብ፣ የክብር ቦታ አስቀመጡኝ። የሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ጓዳ ነበሩ። ሳህን ሲቀባበሉና ሲቀላለዱ በመጋረጃው በኩል እሰማለሁ። ቄሱ ስለ እንጦጦ ብርድና ስለ ጉልበታቸው ሕመም አጫወቱኝ።

ልሄድ ስነሳ እናቷ ወደ ደጅ ሸኙኝ። "ልጄ ወደ ሥራዋ መመለስ ትፈልጋለች። ሕፃኑን የሚይዝላት ግን የለም፤ እኔም ጤና የለኝም። ፈርታ ነው እንጂ ራሷ ትነግርሽ ነበር" አሉኝ። ቀና ስል ጓደኛዬ ልጁን ታቅፋ መጋረጃው ጥግ ቆማለች። እሷ ለኔ አማላጅ ስትልክ!

"ይዛው ትምጣ በሏት" አልኳቸው። "ቦታ እናዘጋጃለን።" ቁልቁለቱን ለብቻዬ ወረድኩ። ታክሲ አልፈለግኩም።

ባለቤቱን ማሳመኑ ጊዜ ወሰደ። በኋላ የጨርቅ መጋዘኑን ግማሽ አስለቅቄ፣ ምንጣፍና ፍራሽ አስገባሁበት፤ ትልቋ ሴትም እጃቸው መቀስ መያዝ ስለደከመው ሕፃናቱን መጠበቅን መረጡ። ዛሬ ከጓደኛዬ ልጅ ሌላ የሁለት እናቶች ልጆች አሉበት። ምሳ ሰዓት ሴቶቹ እዚያ ተሰብስበው ያጠባሉ፣ ይበላሉ፣ ይስቃሉ። እኔ ብቅ ስል ልብሳቸውን ያስተካክላሉ፣ ይነሳሉ፣ ዝም ይላሉ፤ ስለዚህ ብዙም አልሄድም። ሕፃናቱ ሲያለቅሱ ግን ቢሮዬ ድረስ ይሰማል። የጓደኛዬን ልጅ ለቅሶ ለይቼ አውቀዋለሁ። እስኪያባብሉት ድረስ የያዝኩትን አስቀምጬ አዳምጣለሁ።