የባስ ክራር ጅማት

ባለፈው ሳምንት ለሰርግ ባንዳችን ባስ ክራር ልመርጥ አራዳ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። ገና በሩን ሳልፍ የእርጥብ ቆዳ ሽታ መታኝ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ቁስቋም ባለው ቤታችን ጓሮ፣ አባቴ ለትልቁ ክራሩ ጅማት ሊያዘጋጅ የበግ አንጀት አስያዘኝ። ፈርሱን በጣቱ እየጨመቀ ሲያወጣ አረንጓዴው ውሃ ክንዴ ላይ ፈሰሰ። ትኩስ ነበር። ዝንብ ከንፈሬ ላይ ስታርፍ አስመለሰኝ።

«አባዬ፣ ምነው ናይሎን አትገዛም?»

«ናይሎን ሆድ የለውም። ወፍራሙ ድምፅ ከአንጀት ነው የሚወጣ» አለኝ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቺ አንጀቱን ተጸየፍሽ፤ ሰርገኞቹ ደግሞ እኔን አዝማሪውን» አለ። አልገባኝም።

ጅማቱ ደርቆ ከተወጠረ በኋላ ጠዳ ለተጠራበት ሰርግ ይዞኝ ሄደ። ሰዉ ሁሉ በክራሩ ሲጨፍር ዋለ። ስንወጣ አንዲት ሴት አባቴ የጠጣበትን ጣሳ በሁለት ጣቷ አንስታ ከአጥር ውጭ ስትወረውረው አየሁ። አባቴም አይቷል። ክራሩን አንግቶ መንገዱን ቀጠለ።

ባለፈው ሳምንትም አራዳ ከመሣሪያ ሠሪው ዘንድ ባስ ክራሩን መርጬ ወጣሁ። ሰርግ ላይ ስጫወት ግን እስከ ዛሬ የሚጠጣ ነገር አልቀበልም፤ ውሃዬን ከቤቴ ይዤ ነው የምሄደው።