ዘጠኝ ጆንያ ቅጠል

ባለፈው ሐምሌ፣ ቱሉ ዲምቱ ከምኖርበት ሕንፃ ሥር፣ ገለባ የጫነ የአህያ ጋሪ ዝናብ ይዞት ቆሞ ነበር። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮቱን ልዘጋ ተነሥቼ፣ የረጠበ ገለባ ሽታ ከታች ወጥቶ ፊቴን ሲነካኝ እጄ መስኮቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ትንሽ እንደ ጠላ ጥንስስ፣ ትንሽ እንደ ሕፃን አናት ያለ ሽታ ነው። ጋሪው ሄዶ፣ ዝናቡም አባርቶ፣ እኔ ግን ከዚያ ሽታ ሳልወጣ ብዙ ቆየሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣብኝ አልገፋውም፤ ወደሚወስደኝ እሄዳለሁ። ያን ዕለት የወሰደኝ ወደ አቃቂ፣ ወደ አባቴ ጓሮ ነበር።

ቤታችን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። አባቴ ታደሰ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቶ፣ ሠራተኛ ሲቀነስ አብሮ ተቀንሶ ቤት ሲገባ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የማሽኑ ጩኸት ጆሮውን አድክሞት ስለነበር ድሮም ብዙ አይናገርም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ጨርሶ ዝም አለ። ጠዋት ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ወደ ሥራ እንደሚሄድ ሰው ተሰናድቶ፣ ከዚያ ጓሮ ግድግዳው ሥር ዱካ ላይ ይቀመጥ ነበር። እናቴ አስካለ በሰፈሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ስትወጣ እዚያ ትተወዋለች፣ ስትመለስ እዚያው ታገኘዋለች። አብረውት ከተቀነሱት ጎረቤቶቻችን አንዱ ጠላ ቤት ቀርቶ፣ አንዱ አልጋ ላይ ውሎ ማደር ጀምሮ ስለነበር፣ እናቴ የምትፈራው ምን እንደሆነ ለእኔ ለልጇም ግልጽ ነበር።

በሚያዝያ ላይ፣ ለተቀነሱ ሠራተኞች በቀበሌው አዳራሽ የሦስት ቀን ሥልጠና ተሰጠ። አባቴ የሄደው እናቴ ገፋፍታው ነው። በሦስተኛው ቀን ሥዕል የበዛበት ቀጭን መጽሐፍ በብብቱ ይዞ ተመለሰና፣ ራት ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ፐርማካልቸር ይባላል» አለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናቴ።

«ጓሮን እንደ ጫካ ማኖር ነው። ጫካን ማን ይጠርገዋል? የወደቀው ቅጠል ራሱ ያለብሰዋል፣ ራሱ ያበላዋል።»

«ጫካ እኮ ጎረቤት የለውም፣ ታዴ!»

አባቴ ሳቀ። ከፋብሪካው ከወጣ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ እናቴም ሰምታዋለች፤ ምክንያቱም ጓሮውን ሊሾ አስደርጋ ልብስ ማስጫና ለድግስ ድንኳን መትከያ ልታደርገው ከግንበኛ ወንድሟ ጋር ተነጋግራ ጨርሳ ሳለ፣ ያን ማታ ሐሳቧን ቀየረች። የቀየረችው ግን በገደብ ነበር። «እስከሚመጣው ፋሲካ እታገሥሃለሁ» አለችው። «በሁዳዴ ከጓሮህ ለወጥ የሚሆን ነገር ካልወጣ፣ ወንድሜ መጥቶ ሲሚንቶውን ያፈስበታል። አለቀ።»

መጽሐፉ ዶማ ከመነሣቱ በፊት ቦታውን ብዙ ቀን ማየት ያስፈልጋል ይል ነበር። ስለዚህ አባቴ መልሶ እዚያችው ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ አሁን ግን የእኔን ደብተር ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ነበር። እኔን የግድግዳው ጥላ በደረሰበት ሁሉ ጠጠር ያስደረድረኝ ነበር፤ ለጠዋት አንድ ረድፍ፣ ለቀትር አንድ ረድፍ፣ ለአሥር ሰዓት አንድ ረድፍ። ከሰዓት በኋላ ጓሮው በጠጠር መስመር ተሞልቶ፣ ጥላው ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ቀስ እያለ ሲሻገር፣ እኔና አባቴ ምንም ሳንነጋገር እንከተለው ነበር፤ ያ ዓመት ሲታወሰኝ ከሁሉ በፊት የሚመጣልኝ ይህ የጥላው አካሄድ ነው፣ እንደ ጠገበች ላም አካሄድ።

እናቴ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ታየን ነበር።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እያየሁ።»

«ማየት ሥራ ሆነ እንግዲህ! እስከ ዛሬስ ምን ስታደርግ ነው የከረምከው?»

«እስከ ዛሬ ግድግዳውን ነበር የማየው። አሁን ጥላውን ነው።»

ግንቦት ሲጋመስ መቆፈር ጀመረ። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል፣ ተክሉ ውሃ እንዲያቁርለት መደቡ ጎድጎድ ብሎ ያሳይ ስለነበር፣ እሱም እንደ ሥዕሉ አድርጎ፣ ለኩሽና በሚቀርበው በኩል በየቀኑ የሚቀነጠሰውን ጎመንና ቆስጣ፣ ራቅ ብሎ ዱባውንና በቆሎውን፣ ከባቄላ ጋር አሰባጥሮ ተከለ። ከዚያ ክረምቱ መጣ። የአቃቂ መሬት ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ ውሃ ከያዘ የማይለቅ አፈር። ሐምሌ ሳይጋመስ መደቦቹ ኩሬ ሆኑ፣ ጎመኑ ቢጫ ሆኖ ተኛ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቁራሪት ይጮህ ነበር፤ እኔ እንቁራሪቶቹን ወድጃቸው ነበር፣ አባቴ ግን ጓሮውን ማየት ትቶ ነበር።

ከወንዙ ማዶ የሚያርሱት የሰፈራችን ሽማግሌ፣ ኦቦ ቱፋ፣ አንድ ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩና ጮክ ብለው ተጣሩ።

«አቶ ታደሰ! ጎመን ነው ወይስ ዓሣ ነው የምታረባው?»

አባቴ ወጣ። «ኦቦ ቱፋ፣ እባክዎ አይሳቁብኝ። መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚለው።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ዋልካ ረግጦ አያውቅም፤ ረግጦ ቢሆን ጫማው እዚያው ይቀርለት ነበር። በል አካፋ አምጣ።»

ነጠላቸውን አጥሩ ላይ ሰቅለው ገቡ። ተክሉ የሚቆምበትን ወደ ላይ ከምረው፣ በመካከሉ ቦይ አውጥተው፣ ቦዩን ወደ ታች ወደ መንገዱ ከፈቱት፤ ቆሞ የከረመው ውሃ መጀመሪያ እየተንቀረፈፈ፣ ኋላ እየሮጠ ሲወጣ እኔ አብሬው እስከ መንገዱ ሮጥኩ። «ስንዴም እንዲህ ነው የሚያድግልን» አሉ፣ እጃቸውን እየታጠቡ። «አሁን የጠላህ ውሃ ነው። በበጋ ደግሞ ስንጥቁን ታየዋለህ። እግርህ እስኪገባ ይሰነጠቅና ሥሩን ይበጥስብሃል። ለዚያ ከአሁኑ አስብ።»

አባቴ አሰበ። መጽሐፉ መሬቱን በደረቅ ሣርና ቅጠል ማልበስ ይል ነበርና፣ ዘመን መለወጫና መስቀል እንዳለፉ፣ ሰው ሁሉ ወለሉ ላይ ጎዝጉዞት የሰነበተውን ቄጠማ ጠርጎ ሲጥል፣ አባቴ ጆንያ ይዞ በየበሩ ይቆም ጀመር። ለዓመታት ማሽን ብቻ ሲያናግር የኖረው ሰው፣ «ቄጠማችሁን ካልፈለጋችሁት» እያለ ቤት ለቤት ሲዞር እናቴ አፍራ ልትሞት ነበር። «ደግሞ ብለህ ብለህ የሰው ጥራጊ ልትለምን?» ትለው ነበር፤ እሱ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቅጠል፣ ከወንዙ ዳር የታጨደ ሣር፣ ከኦቦ ቱፋ ዘንድ ያለፈውን ዓመት ገለባ እየጨመረ፣ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ዘጠኝ ጆንያ ሞላ። ገና ሳይደርቅ ካለበስኩት ቀንድ አውጣ ይፈላበታል፣ መሬቱ ከላይ ይጠንፈፍ ብሎ፣ ጆንያዎቹን ከግድግዳው ሥር ደርድሮ ይጠብቅ ነበር። በከፍታው ላይ እንደገና የተተከለው ጎመን ያን ጊዜ ጉልበቴ ደርሶ ነበር። አባቴም ያወራ ነበር፤ ለጎመኑም፣ ለእኔም፣ ለመንገደኛም።

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን መጣ። ያን ቀን ኅዳር ሲታጠን ነው፤ በሽታ ከቤት እንዲወጣ እየተባለ ሰው ሁሉ ጥራጊውን ሰብስቦ ደጁ ላይ ያቃጥላል፣ ሰፈሩም በጭስ ይሸፈናል። አባቴ የሚካኤልን በዓል ሊያከብር በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነበር። እናቴ ግቢውን አንድ ስንጥር ሳታስቀር ጠርጋ፣ ደጁ ላይ እሳት ለኩሳልኝ፣ «የቀረውን ጥራጊ እየጨመርሽ ጠብቂ» ብላኝ ወደ ውስጥ ገባች። ጥራጊው ትንሽ ነበር። የፊት ለፊቱ ቤት ልጅ ሰናይት፣ በትልቅ ክምር ፊት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ፣ «የናንተ እኮ የሻማ ጭስ ነው! ሚካኤል ራሱ አያየውም!» አለችኝ፤ ሌሎቹ ልጆች ሳቁ።

የመጀመሪያውን ጆንያ ጎትቼ ሳመጣ አንዱን ብቻ ነበር ያሰብኩት። ነገር ግን ጭሱ ነጭና ወፍራም ሆኖ ከጣሪያችን በላይ ሲወጣ፣ ሰናይትም ዝም ስትል፣ ተመለስኩ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልክድም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ትልቅ ነገር የሠራሁ መስሎኝ አያውቅም። እናቴ ስትወጣ ዘጠነኛው ጆንያ ባዶውን እጄ ላይ ነበር። አልጮኸችም፣ አልመታችኝም፤ ጆንያውን ከእጄ ወስዳ ታጥፈው ጀመር።

አባቴ ነጭ ልብሱን ለብሶ መጣ። መጀመሪያ እሳቱን፣ ቀጥሎ በአጥሩ በር በኩል ባዶውን ግድግዳ አየ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ። «ላጸዳ ብዬ ነው። አላስተዋልኩም።»

አባቴ እሷን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፤ የተለበለበ ሽፋሽፍቴን፣ ጥላሸት የለበሰ ጉንጬን። ወደ ጓሮ ሄዶ ዱካው ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ።

ታኅሣሥን በሙሉ እንደዚያ ተቀመጠ። ነፋሱ ደረቅ ነበር፤ መሬቱ መጀመሪያ እንደ ፀጉር፣ ኋላ እንደ ጣት እየሆነ ተሰነጠቀ፣ እኔ የዕቃ እጣቢ በየቀኑ ባፈስበትም ስንጥቁ እየዋጠው ጎመኑ ከዳር ከዳር ይጠወልግ ነበር። አንድ ቀን ግን እናቴ ከሥራ ስትመለስ በጀርባዋ ጆንያ አዝላ መጣች። የትምህርት ቤቱን ግቢ የጠረገችበት ቅጠል ነበር። በቀን፣ በአስፋልቱ፣ ሰው ሁሉ እያያት ነው የተሸከመችው፤ የሰናይት እናትም ከበራቸው ላይ ሆነው፣ «አስካለ፣ ሰው ከቤቱ የሚያወጣውን አንቺ ታስገቢያለሽ እንዴ?» አሏት።

«ዘንድሮ ገልብጠነዋል፣ እትዬ» አለች እናቴ፣ ሳትቆም።

በማግስቱም አመጣች፣ በሦስተኛውም ቀን። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉን ከአንዱ መደብ ላይ ዘርግፋ፣ ጎመኑን እስከ አንገቱ ቀብራ፣ በእጇ ትደለድል ጀመር። አባቴ ከዱካው ላይ ሆኖ ጥቂት አያትና ተነሣ። «እንደሱ አይደለም፣ አስካለ። ግንዱን አታፍኚው። ዙሪያውን ክፍት ተዪለት» አለ፣ ተንበርክኮም ከአጠገቧ ያስተካክል ጀመር። እናቴ እንዴት እንደሚደረግ አሳምራ ታውቅ ነበር፤ መጽሐፉን ማታ ማታ ስታገላብጥ አይቻታለሁ።

በጥር የኦቦ ቱፋ አዲስ ገለባ ተጨመረ። ሁዳዴ ሲገባ ጎመኑ ለሳምንት አራት ቀን፣ ቆስጣው ለቀሩት ቀናት ይበቃን ነበር፣ የሰናይትም እናት ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ይመጡ ነበር። በመጋቢት አንድ ቀትር፣ መንገዱ አቧራ፣ ሰማዩ ነጭ በሆነበት ሰዓት፣ አባቴ ጠርቶኝ እጄን ያዘና ከገለባው ሥር እስከ አንጓዬ አስገባው።

«ምን ይልሻል?»

«ቀዝቃዛ ነው።»

«ሌላስ?»

«ርጥብ ነው። አልተሰነጠቀም።»

«ለዚህ ነበር፣ ትጌ» አለኝ። ከመጀመሪያውም እንደሚያውቅ ያን ጊዜ ገባኝና፣ እጄ አፈሩ ውስጥ እንዳለ አለቀስኩ፤ እሱም እስክጨርስ ድረስ እጄን ከላይ በገለባው አልብሶ ይዞልኝ ቆየ።

ከፋሲካ በኋላ አጎቴ ሲሚንቶ በጋሪ አስጭኖ መጣ። እናቴ ምሳ አበላችውና የበሩን ደረጃ አሠራችው።

አሁን ሁለቱም የሉም፣ ጓሮውም ሕንፃ ቆሞበታል። ባለቤቴ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ከአርባው በኋላ እህቱ መጥታ፣ በፍጹም ደግነት፣ «ልብሱን ሰብስበን ለነዳያን እንስጥ፤ ቤቱም ይቅለልሽ» አለችኝ። «ይቆይ» አልኳት፤ ከዚያ ወዲህም ሁለት ጊዜ መጥታ ጠይቃኛለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ መለስኩላት። ክፉ አላሰበችም፤ እናቴም ግቢውን ስትጠርግ ክፉ አላሰበችም። ያኔ ግን እኔ ያነደድኩትን እናቴ ከትምህርት ቤቱ ግቢ በጀርባዋ ተሸክማ መተካት ችላ ነበር። ዛሬ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ከየትም ግቢ ተጠርጎ የሚመጣ አይደለም። ስለዚህ ቀስ እላለሁ። አንዳንድ ከሰዓት በኋላ ኮቱን አውጥቼ፣ መስኮቱ ላይ ነፋስ አስመትቼ፣ መልሼ እሰቅለዋለሁ።